ስድስት ይደመራል

ጥር 13፣ ረቡዕ። ጠዋት 3፡10

ዛሬም እምቢ አለ። ፓስወርድ ትክክል። ስም ትክክል። ኬብል ተሰክቷል፤ አረንጓዴዋ መብራት ትርገበገባለች። የዞኑ ሰርቨር ግን የኛን ሰርቨር አላውቅህም ብሎ ይመልሰዋል። ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ሦስተኛውን ለሥላሴ ብዬ ጨመርኩ። ያው ነው።

ማስታወሻዬ፣ ከጥምቀት በፊት ዘግቼህ እስከ ዛሬ አልነካሁህም፤ አትቀየመኝ። ነገሩ ይህ ነው። ሰኔ ላይ መብረቅ የመታው የሳተላይት ሳህን ባለፈው ሳምንት ተጠገነ። እስካሁን የጽ/ቤታችን ሪፖርት ከመሐል ሜዳ ወደ ዞኑ፣ ደብረ ብርሃን፣ የሚወርደው በፍላሽ ነበር፤ በአቶ ተክሌ ሚኒባስ፣ ከመሪው አጠገብ ባለችው ኪስ፣ ከገብርኤል ሥዕልና ከማስቲካ ጋር። ከእንግዲህ እንደ ሰለጠነ ሰው በአየር እንልካለን ተባለና ተጨበጨበ። ከጭብጨባው በኋላ ያለው የኔ ሥራ ነው።

የሰርቨሩ ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። አሁንም ዩሪያ ዩሪያ ይሸታል። በዚህ የጥር ውርጭ በመ/ቤቱ ውስጥ የሚሞቅ ዕቃ ሰርቨሩ ብቻ ስለሆነ፣ ሠራተኛው በየተራ እየመጣ ከጀርባው እጁን ያሞቃል። ክልክል ነው። የክልከላውን ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ የለጠፍኩበት ምስማር ላይ ኮፍያ ይሰቅሉበታል።

ጋሽ በየነ መጡ። የመዝገብ ቤቱ ሰው፤ ጡረታቸው ደርሷል። ኢንጂነር ይሉኛል። ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው የሚሉኝ።

«ኢንጂነር፣ ዛሬም እንዳኮረፈ ነው?»

«እንዳኮረፈ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ሽማግሌ ላክበታ!»

እጃቸውን ከማራገቢያው ፊት ዘረጉ። ይህቺ የጸሐፊያችን የዘነበች ቦታ ነበረች አሉ፤ ለማሽኑ እንጂ ለኔ የነገሩኝ አይመስልም። እኔም ደህና የተሰካውን ኬብል ነቅዬ መልሼ ሰካሁት።

ስለ እትዬ ዘነበች አልጽፍም። ኅዳር ላይ ጽፌብህ ገጹን አጥፌዋለሁ። እንደታጠፈ ይቆይ።


ጥር 14፣ ሐሙስ። ከቀኑ 9፡30

ኬብል ተቀየረ። ኬብሎቹ የሚገናኙበት ስዊች ተቀየረ። የሰርቨሩ ሆድ ተከፍቶ አቧራ ተጠረገ፤ ሦስት የገብስ ፍሬ ወጣ። ማን እንደዘራው አይታወቅም።

ረፋዱን ናይሮቢን ጠረጠርኩ። ማሽኑ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ አያውቅም፤ የሰዓት ክልላችንን የሚጠራው ናይሮቢ እያለ ነው። አስተባባሪያችን አንድ ቀን ይህን አይተው መቼ ነው ኬንያ ሥር የሆንነው ብለው ጠይቀውኛል፤ ሳይስቁ። ናይሮቢ ግን ንጹሕ ሆና ተገኘች። ስለጠረጠርኳት አዝናለሁ። ዘንድሮ መጠርጠር ቀሎኛል።

ሲሳይ ጋ ደወልኩ። የዞኑ ቴክኒሺያን ነው፤ በድምፅ እንጂ በመልክ አንተዋወቅም። ስልኩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። በአራተኛው የነገረኝ፦ ሁለት ሰርቨሮች ሰዓታቸው ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያየ አይተማመኑም። አንዱ ሌላውን አጭበርባሪ ነው ብሎ በር ይዘጋበታል። ነገ ጠዋት አብረን እንየው አለ። ሰዓትማ ልክ ነው አልኩት፤ በየቀኑ አየዋለሁ።


ጥር 15፣ ዓርብ። ጠዋት 3፡25

ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩ። ብርዱ ነው ብል ማን ይከራከረኛል።

እንደሆነው ልጻፈው። 3 ሰዓት ከ5 ላይ ሲሳይ ደወለ። ስክሪኑ ስንት ይላል አለኝ።

«3 ከ5።»

«የእጅ ሰዓትህስ?»

«3 ከ5። ልክ ነው አላልኩህም?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«ጌታሁን፣ የኔ ማሽን እኮ 9 ከ5 ነው የሚለው።»

«በዚህ ጠዋት ምን ሆኖ ነው ዘጠኝ የሚ...»

አልጨረስኩትም።

ሲሳይ ሳቀ። ክፋት የለውም። ሰርቨርህ በሐበሻ ሰዓት ነው እንዴ የሚሄደው፣ ባህሉን የሚወድ ማሽን አግኝተሃል አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ መሐል ኅዳር ትዝ አለኝ። ቻው እንኳ ሳልለው ዘጋሁት።

ስድስት ሰዓት። ልክ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ።

በየቀኑ አይቼዋለሁ ማስታወሻዬ። ጠዋት ስገባ ስክሪኑ 2፡40 ይላል፤ የእጄም ሰዓት 2፡40 ይላል፤ ፀሐይም አትቃወምም። ዓይኔ ምን ብሎ ይጠርጥር?


ዓርብ። ምሳ ሰዓት

ገጹን ዘረጋሁት። ኅዳር 9 ይላል። ከነኩራቱ እገለብጠዋለሁ፦

«የድልድሉ ፋይል ምርመራ ዛሬ አለቀ። ኮሚቴው ባለሙያ ብሎ ጠራኝ። ማሽኑ ፋይሉ ጥቅምት 20 በ05፡12 እንደተነካ መዝግቧል፤ በወ/ሮ ዘነበች ስም። ማሽን የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ስድስት ይደመራል፣ ስለዚህ ከሌሊቱ 11፡12 ነው ብዬ አስረዳሁ። ጋሽ በየነ እጃቸውን አውጥተው፣ አምስት ሰዓት ላይ እኮ ሁላችንም ቢሮ ነበርን አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም። በትዕግሥት አስረዳኋቸው። ማሽን አይዋሽም፣ የሚዋሽበት ምክንያትም የለውም ብዬ ጨረስኩ። ሰብሳቢው ዓረፍተ ነገሩን ወደደው። ቃለ ጉባኤ ላይ ገባ።»

ያን ቀን ያልጻፍኩትን ዛሬ ልጻፍ። ድልድል ማለት በቢፒአሩ፣ በመ/ቤቱ አዲስ አደረጃጀት፣ ማን የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስን የነጥብ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን የምትይዘው የጽ/ቤቱ ጸሐፊ እትዬ ዘነበች ነበረች። ነጥብ ተነካ የሚል ሐሜት ተነሳ። እሷ ያለችው አንድ ነገር ነው፦ ፋይሉን የከፈትኩት አንዴ ነው፤ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፤ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም አውጪ ብለው አስተባባሪው አዘውኝ። አስተባባሪው አላስታውስም አሉ። የቢሮው ቁልፍ ያለው እሷ ጋ ነው፤ ጠዋት ቀድማ የምትከፍትልን እሷ ስለሆነች። ሌሊት 11 ሰዓት፣ ቁልፍ፣ የባለሙያ ቃል። በቃ። ከጓሳ የሣር ሜዳ ዳር ወዳለ ሩቅ የቀበሌ ጽ/ቤት ተዛወረች።

ይህ የመ/ቤቱ ፍርድ ነው። ከተማው የራሱን ጨመረበት። ባለትዳር ሴት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤቷ ውጭ ምን ትሠራለች? ባሏ አቶ ተክሌ ነው፤ ባለ ሚኒባሱ። ያን ቀን ደብረ ብርሃን አድሮ ነበር። ጥያቄውን ሰው ሁሉ ጠየቀ፤ በመጨረሻ እሱም ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ እቤቱ አያድርም፤ ደብረ ብርሃን ካልሆነ ሚኒባሱ ውስጥ ነው። ፍላሼን ያደርስልኝ ነበር፤ ሰላም ሳይለኝ።

ይህ ሁሉ ከአንድ መደመር።


ጥር 17፣ እሑድ። ከቀኑ 8፡00

ትናንት ሲሳይ ሞባይሌ ላይ ደወለ። ቻው ሳልለው ስለዘጋሁት የታመምኩ መስሎት። አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ ሳህኑ ከተጠገነ ወዲህ ሰርቨሩ ለምን በራሱ ከዞኑ ሰዓት ጋር አልተስማማም? ሥራው ነው፣ ለዚህ የተቀመጠ ፕሮግራም አለው።

መልሱ፦ ፕሮግራሙ ትንሽ ስህተት ሲያገኝ ቀስ እያለ ያስተካክላል፤ ሁለት ሰከንድ፣ ግማሽ ደቂቃ። ስህተቱ ከመጠን በላይ ትልቅ ከሆነ ግን አይነካውም። አንዲት መስመር መዝገብ ላይ ጽፎ ሥራውን ያቆማል። የቀረውን ሰው ይጨነቅበት ይላል።

ይህን ጠባይ የት ነው የማውቀው ብዬ ዋልኩ። ዛሬ ቅዳሴ ላይ የአንዲት እናት ጫማ ረግጬ አራት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅሁ። እስኪሰለቻቸው።


ጥር 18፣ ሰኞ። ጠዋት 4፡15

የማሽኑን መዝገብ ከፈትኩ። ሰዓት በተቀየረ ቁጥር ማን እንደቀየረው ይጽፋል። እንደ ጋሽ በየነ ነው፤ ገቢና ወጪ አይዘልም። ወደ ታች ወረድኩ። ወረድኩ። ሐምሌ 29። ሰዓት ተቀይሯል። የቀየረው ሰው ስም፦ የኔ።

ማን ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት? የሰርቨሩ ክፍል ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ነው።

ትዝ አለኝ። መብራት አራት ቀን ጠፍቶ የመጣበት ጠዋት። የሰርቨሩ ትንሽ ባትሪ ሞታ ማሽኑ ቀኑንም ሰዓቱንም ረስቶ ነበር። ባትሪዋን ቀየርኩ። ቀኑን ወደ ፈረንጅ መመንዘር ነበረብኝ፤ ሐምሌ 29 በነሱ ስንት ይሆናል እያልኩ በጣቴ ቆጠርኩ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። ልክ ሆነ። ደስ አለኝ። በዚያው ደስታ ወደ ሰዓቱ ዞርኩ፤ የእጄን ሰዓት አየሁ፤ 3፡20 ብዬ ጻፍኩ። ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ቀኑን መንዝሬ፣ ሰዓቱን ሳልመነዝር። እንዲህ ያለ ስህተት ፈረንጅ ሊሳሳተው ቢፈልግ እንኳ አይችልም።

ሌላም አለ። ኅዳር ላይ ለኮሚቴው ያተምኩት አንዲት መስመር ብቻ ነበር፤ የ05፡12ን። ዛሬ የጥቅምት 20ን ሙሉ ገጽ አየሁ። በ02፡31 አንድ ሰው ገባ። በ02፡38 ሌላ። በ02፡50 አስተባባሪው። እኔ ባስረዳሁት ሒሳብ ከሄድን፣ ያን ቀን ጽ/ቤቱ በሙሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሥራ ላይ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ አንድ ነፍስ የለም። እንዲህ ያለ የሥራ ፍቅር መሐል ሜዳ ታይቶ አያውቅም።

አንድ ገጽ ብወርድ ኖሮ። አንዲት ገጽ። ከወንበሬ መነሳት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።


ሰኞ። ከቀኑ 10፡00

ሰዓቱን አስተካከልኩ። የዞኑ ሰርቨር ወዲያው በሩን ከፈተ፤ ምንም እንዳልተባባሉ ሁሉ። ሪፖርት ሄደ።

ከዚያ አቤቱታው ጎረፈ። የሁሉም ኮምፒውተር ሰዓት የሚወስደው ከሰርቨሩ ነው።

«ጌታሁን፣ ኮምፒውተሬ አበደ! ገና አምስት ሰዓት ነው፣ አሥራ አንድ ይለኛል። ቤቴ ልሂድ ወይስ ምን ልሁን?»

ለአምስት ወር ተኩል በተሳሳተው ማንም አላማረረም። የታረመ ዕለት ተበላሸ ተባልኩ። ጋሽ በየነ ብቻ መጥተው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ።

«እስከ ዓርብ ደህና አልነበረም እንዴ?»

«አልነበረም ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ስልክ የጠራ አስመሰልኩ።

የጥገና መዝገቡ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ «የሰርቨር ሰዓት ተስተካክሏል።» በስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማን አበላሽቶት የሚል የለም። ሦስት ቃል። በሕይወቴ እንዲህ አጥሮ የተዋጣልኝ ውሸት የለም፤ አንዱም ቃል ሐሰት አይደለም።


ጥር 20፣ ረቡዕ። ከቀኑ 6፡20

አስተባባሪው ቢሮ ገባሁ። ነገርኳቸው። ሁሉንም። ወረቀት እየፈረሙ ሰሙኝ።

«አሁን ተስተካክሏል?»

«ተስተካክሏል።»

«ሪፖርት ይሄዳል?»

«ይሄዳል።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልገው አንተ?»

መልሴን አልጠበቁም። ቀጠሉ። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ጥር 28 ሐሙስ እዚሁ አዳራሽ ይቀመጣል፤ የሷም ጉዳይ አለበት፤ የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ ድልድሉ ይጸድቃል። ማስረጃ ካላት ታቅርብ አሉ። ማስረጃው እኔ ጋ እንዳለ አሁን የነገርኳቸውን ረስተው አይደለም። የኔም ድልድል ገና እንዳልጸደቀ አስታወሱኝ። ግምገማ ላይ ምን እንደምትባል አንተው ታውቃለህ አሉ። አውቃለሁ። ባለሙያ አይሉኝም።

ወጥቼ ወደ ሰርቨሩ ስመለስ አንድ ነገር አየሁ። ኔትወርኩ ከተገናኘ ወዲህ የማሽኑ መዝገብ በፍጥነት እየሞላ ነው፤ ሲሞላ ከታች ጀምሮ የድሮውን ይሰርዛል። ነሐሴ ለመሰረዝ ቀናት ቀርተውታል፤ የሐምሌ 29ኟ መስመር ከሱ ትቀድማለች። ዝም ብል ማሽኑ ይረሳልኛል። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም።

ማተሚያውን አበራሁ። እስኪሞቅ ጠበቅሁ። አጠፋሁት።


ጥር 21፣ ሐሙስ

አስተርዮ ማርያም። ቢሮ ዝግ። ታቦት ሲወጣ አቶ ተክሌን በሩቅ አየሁት፤ ለብቻው፣ ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ። እትዬ ዘነበች የቆመችው ከሴቶቹ ጋር አይደለም፤ ከግንቡ ጀርባ ነው። ሰው እንዳያያት ይሁን ሰው እንዳታይ አላወቅሁም።

ቤት ገብቼ መጽሐፍ አነሳሁ። አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ።


ጥር 22፣ ዓርብ። ጠዋት 2፡35

አተምኩ። 11 ገጽ። የሐምሌ 29ኟ መስመር ከመሰረዟ በፊት ደረስኩባት፤ ከታች ሦስተኛ ነበረች።


ጥር 23፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 11፡00

ጓሳ ሄጄ መጣሁ።

ስሄድ በጭነት አይሱዙ። የአቶ ተክሌን ሚኒባስ ሆን ብዬ አሳለፍኩት። ከመንገድ ወርጄ ሩብ ሰዓት በእግር። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የቀበሌው ጽ/ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ደጇ ላይ የታሰረ ፈረስ። እትዬ ዘነበች የሱፍ ባና ደርባ ደብተር ላይ መስመር ታሰምራለች። የሣር አጨዳ ተራ ነው የምትመዘግበው። ኮምፒውተር የለም፤ መብራትም የለም። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል።

«ጌታሁን! ምን ጥሎህ?»

በደግ ነው ያለችው። ያ ባሰኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ከፍታ፣ ገብስ ቆሎ በወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ የምታስቀምጥልኝ ሴት ናት። ኅዳር ላይ ስድስት ስደምር አንገቷን ደፍታ አዳመጠችኝ። አንተም? አላለችኝም።

ቆሜ ነገርኳት። ከባትሪዋ ጀምሬ። በመሐል መስመሯን ማስመር ቀጠለች፤ አንዱም አልተጣመመም። ስጨርስ ማስመሪያውን አስቀመጠች።

«እና ስንት ሰዓት ነበር አልከኝ?»

«ከቀኑ አምስት ከአሥራ ሁለት።»

«እኔስ ስንት ሰዓት ነው ያልኩት?»

«አምስት ሰዓት።»

«ያለ ማሽን ነው ያልኩት።»

ፈረሱ ውጭ ያሽካካል። ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ አልኳት። የመጣሁት ይህን ልበል ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ስለማመደው ነው የሄድኩት፤ የተለማመድኩት ረዘም ያለ ነበር።

«ይቅርታህን እዚህ አራግፈህልኝ አትሂድ» አለች። «እዚህ የሚሰማህ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ስታዋርደኝ አዳራሽ ሙሉ ሰው ነበር። ሐሙስ አዳራሽ እመጣለሁ። እዚያ በለው።»

«እለዋለሁ።»

«ለተክሌም እኔ አልነግረውም። እኔ አንዴ ነግሬዋለሁ። አሁን ደግሞ ካንተ ይስማ።»

ስወጣ ጠራችኝ። ቆሎ ይዛ። በወረቀት ጠቅልላ። አልቀበልም ማለት አልቻልኩም፤ መቀበልም አልቻልኩም። ኪሴ ውስጥ ነው አሁን፤ አልነካሁትም።


ጥር 24፣ እሑድ። ከቀኑ 9፡00

ትናንት ያልጻፍኩልህ አለ፤ አልቻልኩም ነበር።

ስመለስ መንገድ ዳር ቆሜ የመጣው ሚኒባስ የአቶ ተክሌ ሆነ። ወደ መሐል ሜዳ ነው። ጋቢና አንድ ቦታ ብቻ ነው ባዶው። ሳይናገር በሩን ከፈተልኝ። ከኋላ አንዲት መነኩሴ፣ ሁለት ነጋዴዎች፣ አንድ በግ።

ጀመርኩለት። ሞተሩ ይጮኻል፤ እኔም መጮህ ነበረብኝ። ስለዚህ መነኩሲቱም ነጋዴዎቹም ሰሙ፤ በጉም ይሰማ ነበር መሰለኝ፤ ዝም አለ። የኔ ስህተት ነው፣ ማሽኑን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሌሊት የሚባል ነገር አልነበረም አልኩ። አቶ ተክሌ ፍሬን ያዘ። መንገድ መሐል። ሞተሩን አጠፋ።

«ቀን ነው?»

«ቀን ነው። ረፋድ። ሁላችንም ቢሮ ነበርን።»

ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቆየ።  ከኋላ መነኩሲቱ ብቻ እግዚኦ አሉ፣ በቀስታ። አቶ ተክሌ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ ለኔም አይደለም።

«ማለችልኝ እኮ» አለ። «በእናቷ ማለችልኝ።»

አስነሳና ነዳ። መሐል ሜዳ ደረስን። ስወርድ በሩን ለራሴ ዘጋሁት።


ጥር 25፣ ሰኞ። ከቀኑ 9፡45

ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ይድረስ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይል ነበር፦ «በሰርቨሩ ላይ የሰዓት መዛባት ተከስቶ መቆየቱ የተስተዋለ ሲሆን፣ በዚሁ ምክንያት በተሰጠው ሙያዊ ማብራሪያ ላይ ክፍተት ተፈጥሯል።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቆንጆ ነው። ማንም የለበትም።

ለጋሽ በየነ አሳየኋቸው። ሁሉንም ነግሬያቸው ነበር ከዚያ በፊት፤ የሳቅሁባቸውንም ጭምር።  መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ቀይ እስክሪብቶ አወጡ።

«ተከስቶ። ማን ከሰተው?»

«እኔ።»

«ተስተዋለ። ማን አስተዋለው?»

«...ሲሳይ።»

«ክፍተት ተፈጥሯል። ፈጣሪ አንድ ነው ኢንጂነር፤ በሱ አታሳብብ።»

ሦስቱንም ሰረዟቸው። ስወጣ ወደ ምድጃቸው፣ ማለቴ ወደ ሰርቨሩ እየሄዱ፦

«ያን ቀን ስድስት መደመር አያውቁም ብለህ ነበር የሳቅህብኝ።»

«አዎ ጋሼ።»

«አሁንም አላውቅም» አሉ።

ሁለተኛው ረቂቅ፦ «ሐምሌ 29 ቀን የሰርቨሩን ሰዓት በስድስት ሰዓት ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ኅዳር 9 ቀን ማሽኑን ሳላጣራ ለኮሚቴው የሐሰት ማብራሪያ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ወ/ሮ ዘነበች ፋይሉን የከፈቱት እሳቸው እንዳሉት ከቀኑ አምስት ሰዓት ነው። 11 ገጽ አባሪ።» አጭር ነው። እጄ ግን ከረጅሙ ይልቅ በዚህ ደከመ።


ጥር 27፣ ረቡዕ። ጠዋት 3፡00

መዝገብ ቤት አስገባሁት። ጋሽ በየነ ማኅተም መቱ፤ ቁጥር ሰጡ። አስተባባሪው በበር ሲያልፉ አዩን፤ ቆሙ፤ አለፉ። ጋሽ በየነ የገባበትን ሰዓት ሊጽፉ እስክሪብቶ አንስተው ጠየቁኝ።

«ስንት ልበል?»

«ሦስት ሰዓት።»

«የሚደመር አለ?»

«የለም ጋሼ።»

ጻፉ። 3፡00። ከጎኑ «ጠዋት» ብለው ጨመሩበት። በዚህ ዕድሜያቸው ይህን ሲያደርጉ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።


ጥር 28፣ ሐሙስ። ጠዋት 4፡20

አዳራሹ ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። አንተ ጉልበቴ ላይ።

ውስጥ የሌላ ሰው ጉዳይ እየታየ ነው። ቀጥሎ የሷ። እትዬ ዘነበች ከወንበሩ ወዲያኛው ጫፍ፤ ነጭ ነጠላ፣ ያለ ባና። በመካከላችን የሦስት ሰው ቦታ አለ። አንዳንድ የቢሮ ሰው እያለፈ ሰላም ይላታል፤ አንዳንዱ ግድግዳ እያየ ያልፋል። አቶ ተክሌ ከበሩ ውጭ ቆሟል። አልገባም፤ አልሄደምም። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ሚኒባሱ በዚህ ሰዓት ጓሳን አልፎ መውረድ ነበረበት።

የምናገረውን አልጻፍኩትም። የጻፍኩት ደብዳቤ በቂ ነው ብዬ ነበር፤ እሷ ግን በለው ነው ያለችው። በድምፅ። ሰው በሞላበት።

ከበሩ ውስጥ የኅዳሩ ሰብሳቢ ድምፅ ይሰማኛል። ያቺን ዓረፍተ ነገሬን የወደደው። ዛሬም ከኮሚቴው አንዱ ነው።

እትዬ ዘነበች ዘወር ብላ ሰዓት ጠየቀችኝ። አራት ከሃያ አልኳት። ትንሽ አሰበችና፦

«እርግጠኛ ነህ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከኅዳር ወዲህ ፊቷ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር ያየሁት። ሳቅ ይሁን አይሁን አልፈርድም፤ ማብራሪያ መስጠት ትቻለሁ።

በሩ ተከፈተ። ስሟን ጠሩ። ቀጥሎ የኔን፤ ባለሙያ ሳይሉ። ተነሳች፤ አቶ ተክሌ ከደጅ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ፤ እኔም አሁን ዘግቼህ ተከትያቸው እገባለሁ፤ ልለው።